ከዋሹኝ እጅ የበላሁት እሸት

እናቴ መሞቷን የነገረችኝ አንዲት የዋጃ ሴት ናት። እሷም ልትነግረኝ አስባ አይደለም።

የምኖረው ስዊድን ነው። እሑድ እሑድ በምንከራየው አዳራሽ እናስቀድሳለን። በሰኔ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴው ዳቦ ሲታደል፣ ከቆቦ አጠገብ ካለችው ከዋጃ ከመጣች ብዙም ያልቆየች ሴት የቆቦ ልጅ መሆኔን ሰምታ ወደ እኔ መጣች። ዳቦውን ገና መጉረሴ ነበር። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«እግዜር ያጥናሽ እኅቴ። ቀብሯ ላይ ነበርኩ እኮ! ሮቢት አልቀረ፣ ጎብዬ አልቀረ፣ አገሩ ሁሉ ነቅሎ ነው የወጣው።»

«የማን ቀብር?» አልኳት።

«የእናትሽ ነዋ!» አለችኝ። ከዚያ ፊቴን አየችና እጇን ከአንገቴ ላይ ቀስ ብላ አነሳች። «ወየው ጉዴ! መርዶ አልነገሩሽም?»

አልነገሩኝም። እናቴ የተቀበረችው በጥቅምት ነው። ከጥቅምት እስከ ሰኔ በየእሑዱ ደውያለሁ። ወንድሜ ያነሳል፤ እሱ ከሌለ የእናቴ ጎረቤት ታነሳለች። «ዞብል እኅቷ ዘንድ ወጥታለች፤ እዚያ ደግሞ ኔትዎርክ የለም» ይሉኛል። በእኛ አገር ኔትዎርክ ጠፋ ማለት ብርቅ ስላልሆነ አምናለሁ። «ጠበል ገብታለች፤ ስልክ አያስገቡም» ይሉኛል። ይህንንም አምናለሁ፤ ደስም ይለኛል። «ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል፤ በምልክት ሰላም ብላሻለች» ብለውኛል። በምልክት! ለፋሲካ ሹራብ ላክሁላት፤ የወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ አንገቱ ሰፊ። ጎረቤታችን ደውላ «ለብሳዋለች፤ አቤት ሲያምርባት!» አለችኝ። ይህን ዐረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ልውጠው አልቻልኩም።

ሹራቡን እንኳ ልተወው። የማልተወው ሌላ ነው። እኔ በዚያ ሁሉ ወር የእናቴን የክርስትና ስም ለቄሱ የምሰጠው ከሕያዋን ጋር ነበር፤ «ጤና ስጣት፣ እድሜ ጨምርላት» እያልኩ። አርባዋን አላወጣሁም። በዐቢይ ጾም ስሰግድላት የነበረው ለጉልበቷ ሕመም ነው፤ ጉልበቷ ደግሞ አፈር ውስጥ ነው። ልጅ ለእናቷ የምትከፍለውን የመጨረሻውን ጸሎት ሰረቁኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ይህን ስርቆት በምን ስም እንደምጠራው እስካሁን አላገኘሁም።

የአገራችንን ወግ የማያውቅ ሊፈርድባቸው ይቸኩል ይሆናል፤ እኔም ፈርጃለሁ፣ ግን አውቄ ነው የፈረድኩት። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎችና ሴቶች ተሰብስበው ቤት ድረስ ይመጣሉ፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ይይዙሻል። ሩቅ ያለ ሰው እስኪመጣ ይደበቃል። ወንድሜ የሰፈሩን ቅሬ፣ ማለት ለሐዘንና ለደስታ የምንሰባሰብበትን ማኅበር፣ አንድ ባንድ ቃል አስገብቷል። ልጅ ሳይቀር አፉን ይዟል። ዋጃ ብቻ ተረሳች። ቀብር ለመድረስ ከዋጃ የመጡ ሰዎች አፍ እንዳላቸው፣ አንዷም አውሮፕላን ልትሳፈር እንደምትችል ማን አሰበ?

ለወንድሜ የዚያኑ ቀን ደወልኩ። ምን እንዳልኩት አልጽፈውም። ሲያለቅስ ሰማሁት፤ አላሳዘነኝም።

ያ አፌ ውስጥ የነበረው ዳቦ ግን አልወርድ አለ። በነጠላዬ ጫፍ ተፋሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምግብ ጣዕም ጠፋኝ። ሽሮው ገለባ፣ ምስሩ አሸዋ፣ ቡናው የሞቀ ውሃ ሆነ። የምሠራው የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው፤ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ አሮጊቶች በማንኪያ አጎርሳለሁ። የሰው እናት ሳጎርስ እየዋልኩ የራሴን እናት ማን እንዳጎረሳት አለማወቄ እያንዳንዱን ማንኪያ ያከብደው ነበር።

መጀመሪያ ለጾም ተመቸኝ ብዬ ነበር። ለነፍስ አባቴ እንዲያውም በኩራት ነገርኳቸው፤ «አባ፣ አሁን መጾም አይከብደኝም» ብዬ። ሰሙኝና «ልጄ፣ ጾም ማለት የሚያምርሽን ለእግዚአብሔር መተው ነው። የማያምርሽን ብትተዪ ምን ሰጠሽው?» አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ብዙ አለቀስኩ። ቤተሰቦቼ እናቴን ብቻ ሳይሆን ጾሜንም ወስደውብኛል ማለት ነው።

በጥቅምት ለሙት ዓመቷ ተዝካር ልሄድ ፈቃድ ጠየቅሁ። የሥራ ባልደረቦቼ አንዳንዴ ቅዳሜና እሑድ የወይን ቅምሻ የሚሉት ነገር አላቸው፤ ገጠር ሄደው ከየበርሜሉ ይቀዳላቸዋል፣ አፋቸው ውስጥ ያዟዙሩትና ይተፉታል። አንደኛዋ «አገርሽ ምን ልትሠሪ ነው?» ስትለኝ «እኔም መጠጥ ቅምሻ ልሄድ ነው» አልኳት። ሳቀች። የነገርኳት ግን እውነቱን ነው።

የእኛ ቅሬ ለተዝካር ጠጅ የሚጥለው በአንድ ቤት አይደለም። አንዲት ሴት ይህን ሁሉ ሸክም ብቻዋን አትሸከምም፤ በየቤቱ አንዳንድ ጋን ይጣላል። ከድግሱ በፊት ባለው ቅዳሜና እሑድ የቅሬው ቀማሽ የሟችን ልጅ አስከትላ በየቤቱ ትዞራለች። የቱ ለካህናቱ፣ የቱ ለእድርተኛው፣ የቱ ለመጨረሻ እንግዳ እንደሚቀርብ ይወሰናል። በባዶ ሆድ አይቀመስም፤ ባለቤቷ መጀመሪያ የሚቀመስ ነገር ታቀርባለች። ጠጅ ለማይጠጡት ሙስሊም እንግዶች ብርዝ ይበረዛል፤ እሱም ይቀመሳል። የዘንድሮዋ የሟች ልጅ እኔ ነበርኩ፤ ምላሷ የሞተባት።

ቆቦ በደረስኩ ማግስት ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሽማግሌዎቹ ነጭ ለብሰው ቆመዋል፤ ሴቶቹ ከኋላቸው። ወንድሜ ጥግ ይዞ መሬት መሬት ያያል። አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ።

«ልጄ፣ የዚህ ዓለም ነገር እንደምታውቂው...»

«አውቃለሁ» አልኩ። «ከሰኔ ጀምሮ አውቃለሁ። እናንተም ማወቄን ታውቃላችሁ።»

«ይሁን። ብታውቂም ወጉ አይቀርም» አለና ቀጠለ። እስከ መጨረሻው ነገረኝ። ሴቶቹም ሊይዙኝ ዙሪያዬን ከበቡ። የማልወድቅ መሆኔን ሲያዩ ግራ ገባቸው። አንዷ «ኧረ ያዟት!» ብላ ጮኸች፣ እኔ ቀጥ ብዬ ቆሜ ሳለ። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። በጥርሴና በጥርሴ መካከል የቀረው ቁጣ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ቅምሻው ተጀመረ። ቀማሿ ያረጁ ሴት ናቸው፤ ምላሳቸው ጠጅም ሰውም አይምርም። ሜዳው እስከ ዞብል ግርጌ ድረስ ማሽላ ነው፤ ራሱ ከሰው ቁመት በላይ፣ ገና እሸት። እሳቸው ምርኩዛቸውን ይዘው ከፊት ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ጾመ ጽጌን ይዤ ነበር፤ ግን ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ እስከ ሰዓት አይቆይም፣ የተከለከልኩት ከፍስክ ብቻ ነው። ጠጁም እሸቱም የጾም ነው። ላለመቅመስ ምክንያት አልነበረኝም።

በመጀመሪያው ቤት ትኩስ ዳቦ በድልህ ቀረበ። ጎረስኩ፤ የበርበሬው ትኩሳት እንጂ ጣዕሙ የለም። ጠጁ ተቀዳልኝ።

«እንዴት ነው?» አሉኝ ቀማሿ።

«ጥሩ ነው።»

«ጥሩ የሚባል ጠጅ የለም። ለጋ ነው፣ ደርቋል፣ ጌሾ በዝቶበታል፣ ይባላል። ጥሩ የሚባለው ሰው ነው፤ እሱም እምብዛም።»

በሁለተኛው ቤት አፌ ውስጥ ይዤ ቆየሁና በነጠላዬ ጥግ ልተፋው ዞር አልኩ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበር፤ በምን እንዳዩኝ አላውቅም።

«ዋጪው! ለነፍስ የተጣለ አይተፋም!»

ዋጥኩት።

በወንድሜ ቤት ሚስቱ የጣለችውን ቀዳችልን። ወንድሜ ራሱ ብርሌውን በሁለት እጁ አቀረበልኝ፤ ዓይኔን ማየት ግን አልቻለም። ቀመስኩ። ምንም። ግን «ኮምጥጧል» አልኩ፤ ሆን ብዬ። ፊቱ ተሸበሸበ። ቀማሿ ብርሌውን ከእጄ ወሰዱት፣ ቀመሱ፣ እንደገና ቀመሱ።

«ጠጁ ማር ነው» አሉ። «የኮመጠጥሽው አንቺ ነሽ። ይሄ ለካህናቱ ይቅረብ።»

ወጥተን ስንሄድ ወንድሜ ተከተለኝ። «እታለሜ፣ አንዴ ስሚኝ» አለ።

«በስልክ ብዙ ሰምቼሃለሁ።»

«ብቻሽን ነሽ ብለን እኮ ነው።»

«ብቻዬን መሆኔን የዋጃዋም ሴት ታውቅ ነበር?»

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ በሰኔ ስልኩን ከዘጋሁበት ጀምሮ ይዤው የቆየሁትን ጥያቄ። «ለመጨረሻ ጊዜ ምን ቀመሰች? ማን አጎረሳት?»

«አጥሚት» አለ ሳያስብ። «ትንሽ አጥሚት። ባለቤቴ ናት ያጠጣቻት።»

ሳያስብ መመለሱ ደስ አላለኝም። ዞብል ሄዳለች ሲለኝም ሳያስብ ነበር። መንገድ ላይ ቀማሿን ያንኑ ጠየቅሁ። «ከቆረበች ወዲያ ጠበል ብቻ ነው በአፏ የገባ» አሉኝ። «የምን አጥሚት?»

እሑድ የቀረን የመጨረሻ ቤት የጎረቤታችን ነበር፤ የእናቴ ሙስሊም ጓደኛ። አንድ አጥር ነው የሚለየን። እኔን ያጠበችኝ፣ ያሳደገችኝ፣ የቀጣችኝ ሴት ናት፤ ለዚያም ነው አንቱ የማልላት። «አቤት ሲያምርባት» ያለችኝም እሷ ናት። ደጃፏ ላይ ስደርስ እግሬ አልገባ አለ።

«አልገባም» አልኩ።

«ብርዙን ከደጅ ልትቀምሺው ነው?» አሉ ቀማሿ። «እኔ እንደሆን ደክሞኛል፤ ልቀመጥ ነው።» ገቡ።

ገባሁ። እሳት አንድዳ እሸት ማሽላ ትጠብሳለች። አልሳመችኝም፣ አልሳምኳትም። የተጠበሰውን ራስ በሰፌዱ ላይ አሸችው፤ ገለባውን እፍ ብላ አበነነችው፤ አረንጓዴውን ፍሬ በእፍኟ ሰብስባ ወደ አፌ ዘረጋችው።

«ከውሸታም እጅ አልበላም» አልኳት።

እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ጉርሻ መመለስ በአገራችን ምን ማለት እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን።

«ስደቢኝ» አለችኝ። «በይ ስደቢኝ። ግን በባዶ ሆድሽ አትስደቢኝ፤ ይደክምሻል። ብይና ቀጥይ።»

«ለምን? ለምን ዋሸሽኝ? ሌላው ቢዋሸኝ፣ አንቺ?»

«እናትሽ ናት ያለችኝ። 'ልጄ ብቻዋን ናት፤ የሚይዛት ሰው በሌለበት መርዶ አትንገሯት' አለችኝ። ወላሂ!»

«አትማይ። ጥሩ ምስክር አገኘሽ፤ ሞታለች፣ አልጠይቃት ነገር!»

ይህን ያልኩት ጮኼ ነው። እሷ ግን አልጮኸችም። ተነሥታ ከጓዳ አንድ ነገር ይዛ ወጣች። ሹራቡ ነበር፤ እኔ የላክሁበት ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም።

«'አምሮባታል' ብዬ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ይሄን አቅፌ ነው የዋልኩት» አለች። «ልሰጠው ለማን? ልልበሰው እንዴት? አሁንስ አብሽሪ፤ ብይ።»

አብሽሪ አለችኝ! በዚያች ደቂቃ ልቆጣው የምችለውን ሁሉ ተቆጥቻለሁ። አፌን የከፈትኩት ሌላ ስድብ ልናገር ነው። እፍኟን አስገባችው።

ጣፈጠኝ።

እንዴት አድርጌ ልጻፈው? መጀመሪያ የጭሱ ሽታ መጣ፣ ከዚያ የፍሬው ልስላሴ፣ ጥርሴ ሲጫነው የሚፈሰው ወተት መሳይ ነገር፣ ከዚያ ጣፋጩ፤ ልጅ ሆነን ከማሳው ጥንቅሽ ሰብረን ስናኝክ የነበረው ዓይነት የምድር ጣፋጭ። ምራቄ ሞላ። ከሰኔ ጀምሮ ያልመጣ ምራቅ። አልዋጥም ብል እንኳ ጉሮሮዬ ራሱ ዋጠው። እጄ ሳላዘው ወደ ሰፌዱ ሄደ። አሸሁ፣ እፍ አልኩ፣ ጎረስኩ። ገለባው ከንፈሬ ላይ ተለጠፈ። አንዱን ራስ ጨርሼ ሌላ አነሳሁ። ብርዙን በብርጭቆ ሰጠችኝ፤ ማሩ የዞብል ማር ነው፣ የዱር አበባ ይሸታል፤ ገና ያልፈላ፣ ገና ያልሰከረ። ከእሸቱ በላይ ስጠጣው እንባዬ አገጬ ድረስ ወረደ።

«እንዴት ነው?» አሉ ቀማሿ ከተቀመጡበት።

«ለጋ ነው። ማሩ አልጠፋበትም። ትንሽ ጭስ አለው፤ ጋኑን አጥናችሁታል።»

«ተመስገን» አሉና በምርኩዛቸው መሬቱን መቱ። «ምላሷ ተነሣች።»

እኔ ግን ደስ አላለኝም። ደስ አለኝ ብዬ ብጽፍ የእነሱን ዓይነት ውሸት መጻፍ ነው። አናደደኝ። ጣዕሜ ቢመለስ በወንድሜ ጠጅ፣ ባይሆን በቤተ ክርስቲያን ዳቦ፣ ባይሆን በእናቴ መቃብር አጠገብ በጠጣሁት ውሃ ይመለስ ነበር። እዚህ፣ በእነዚህ እጆች መመለሱ ምን ለማለት ነው? ይቅር በያቸው ለማለት ነው? ሆዴ ከልቤ ቀድሞ ታረቀ። ሆዴን ልከለክለው አልቻልኩም፤ ልቤ ግን የራሴ ነው።

እያኘክሁ ጠየቅኋት። «ለመጨረሻ ጊዜ ምን ቀመሰች?»

«እሸት» አለች። «ልክ እንዲህ። ከኔ እጅ።»

ማኘኬን አቆምኩ። አጥሚት፣ ጠበል፣ እሸት። ሦስት ሰው፣ ሦስት የመጨረሻ ጉርሻ። ሦስቱም ሲናገሩ ፊታቸው አንድ ዓይነት ነበር፤ ያ «ዞብል ሄዳለች» ሲሉ በስልኩ ውስጥ ይታየኝ የነበረ ፊት፣ ሰውን ከሕመም ለማዳን የተዘጋጀ ፊት። ጎረቤታችን እውነቷን ይሆናል። እሸቱ በአፌ ውስጥ እያለ እውነቷን ነው ማለት እፈልጋለሁ። ግን ከጥቅምት እስከ ሰኔ በዚያ ድምፅ ዋሽታኛለች፤ እውነቷን ስትናገር ድምጿ ሌላ ይሁን አይሁን አላውቅም። ውሸታቸው የወሰደብኝ ያለፉትን ወራት ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የሚነግሩኝን ሁሉ ነው።

ተዝካሩ ወጣ። ካህናቱ የወንድሜን ጠጅ ጠጡ። ጎረቤታችን ከሙስሊሙ ወገን ድንኳን ብርዙን ስትቀዳ ዋለች። ሰው በላ፣ ጠጣ፣ «ነፍስ ይማር» አለ። እኔም ከቆቦ ስወጣ ሹራቡን ለእሷ ትቼላት ወጣሁ፤ «ልበሽው» አልኳት፣ ሌላ አልጨመርኩም።

አሁን ተመልሼ ሥራዬ ላይ ነኝ። ይርበኛል። ረቡዕና ዓርብ ሰዓቱ እስኪደርስ ሆዴ ይጮኻል፤ ሽሮ ያምረኛል፣ ድልህ ያምረኛል፣ ያ እሸት ያምረኛል። ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው፤ «እንግዲህ ጾም ጀመርሽ» አሉኝ። የማጎርሳቸው አንዲት አሮጊት አሉ፤ ልጃቸው ከሩቅ ትደውልልኛለች። ዛሬ አልበሉም ከሆነ አልበሉም እላታለሁ። አንድ ማንኪያ ብቻ ከሆነ አንድ ማንኪያ እላታለሁ። ታለቅሳለች፤ ግን በማግስቱም እኔን አምና ትደውላለች።

እንግዲህ ይህን የምጽፈው በዚያች የጥቅምት ቀን እናቴ በተኛችበት ክፍል ውስጥ ለነበራችሁ ነው። ማን ማን እንደነበራችሁ ታውቃላችሁ። እለምናችኋለሁ፤ አትሰብሰቡ፣ አትመካከሩ፣ ሽማግሌ አትላኩብኝ። እያንዳንዳችሁ ለየብቻችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ። በመጨረሻ በአፏ ምን ገባ? ማን አጎረሳት? ጣፈጣት ወይስ መለሰችው? ጠርታኝ ነበር ወይስ አልጠራችኝም? ካልጠራችኝ «አልጠራችሽም» በሉኝ። ሰው የሚይዘኝ ይኑር አይኑር አታስቡልኝ። የማታስታውሱ ደግሞ «አላስታውስም» በሉኝ፤ እሱንም ከእጃችሁ እቀበላለሁ።